ለአንድ ሳህን ኡዶን 2,000 የን እንዳትከፍሉ

ጃፓን የምትሄዱ ሁሉ፣ ለሥልጠናም ይሁን ለትምህርት፣ ለማራቶንም ይሁን ለሽርሽር፣ ይቺን አንብባችሁ ሂዱ።

ኡዶን የተራ ሰው ምግብ ነው። የስንዴ ዱቄት በውሃና በጨው ይቦካል፣ ይዳመጣል፣ ወፈር ወፈር ተደርጎ ይቆረጣል፣ ይቀቀላል። ሾርባ ይፈስበታል። በቃ። ሰልፍ ሰርቪስ በሆኑት፣ ራሳችሁን በምታስተናግዱባቸው ቤቶች ተራው ኡዶን፣ ካኬ የሚሉት፣ ከ300 እስከ 500 የን አካባቢ ነው። እንደ ማሩጋሜ ሴይሜንና ሃናማሩ ያሉት በብዙ ከተማ ቅርንጫፍ አላቸው። ዋጋው ፊት ለፊት ተለጥፏል፣ ጃፓናዊውም እናንተም እኩል ትከፍላላችሁ።

ተቀምጣችሁ የምትስተናገዱበት፣ ባለሙያው ሊጡን እዚያው የሚዳምጥበት ቤት ደግሞ አለ። እዚያ ከቴምፑራ (በሊጥ ተነክሮ በዘይት የተጠበሰ አትክልት ወይም ሽሪምፕ) ጋር ከ1,000 የን በላይ ብትጠየቁ አይክፋችሁ። ይገባዋል። እኔ የማወራው ሌላ ነው። ከማቀዝቀዣ የወጣ ኡዶን አፍልቶ የበዓል ዋጋ ስለሚጠይቀው ነው። እነዚህን የምታገኟቸው ቱሪስት በሚተራመስበት መንገድ ላይ ነው።

ከአዲስ አበባ ለሥልጠና የመጡ ወዳጆቼን ይዤ ኪዮቶ ሄጄ ነበር። በር ላይ ፎቶ ያለበት ሜኑ የያዘ ልጅ እንደ ታክሲ ረዳት እየተጣራ አስገባን። በእንግሊዝኛው ሜኑ ላይ ያለው ኮምቦ ብቻ ነው፤ አንድ ሳህን ኡዶን፣ ሁለት ሽሪምፕ ቴምፑራ፣ ትንሽ ሩዝ። ዋጋው በትልቁ 1,980 ይላል። ግድግዳው ላይ በጃፓንኛ የተለጠፈው ዝርዝር ደግሞ ካኬ 580 ይላል። «ከዚያኛው ስጡን» አልኩ። «እሱ ለምሳ ብቻ ነው» ተባልኩ። ሰዓቱ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 7:30! ታዲያ ምሳ መቼ ነው?

ተነሱ እንሂድ ብል ወዳጆቼን ይሉኝታ ያዛቸው። ውሃ ቀርቦልን የለ። ይህን ልብ በሉ፤ ጃፓን ውስጥ ውሃ ሳታዙ በነጻ ይቀርባል፣ ውሃ ስለጠጣችሁ ዕዳ የለባችሁም። ምግብ እስካላዘዛችሁ ድረስ አንገት ዝቅ አድርጋችሁ «ሱሚማሰን» (ይቅርታ) ብላችሁ መውጣት ትችላላችሁ። እነዚህ ቤቶች የሚኖሩት በይሉኝታችን ነው።

ሒሳቡ መጣ። ለአራታችን 10,472 የን። 1,980 የተባለው ታክስ ያልገባበት ነው፣ ከሥሩ በደቃቃ ጽሑፍ 2,178 ተብሎ ነበር። በዚያ ላይ ማንም ያላዘዘው ትንሽዬ የአትክልት ሳህን በየሰው 440 የን ተደምሯል። በዚህ ገንዘብ አራት ሰው ሰልፍ ሰርቪስ ቤት ገብቶ፣ ቴምፑራ ጨምሮ፣ ሦስት ቀን ምሳ ይበላል።

የታክሱ ነገር እንዲህ ነው። ከሚያዝያ 2021 ጀምሮ (በፈረንጆቹ) ጃፓን ውስጥ ለሸማች የሚለጠፍ ዋጋ ታክስ የገባበትን ድምር ማሳየት ግዴታ ነው። ነገር ግን ሁለቱንም ዋጋ ጎን ለጎን መጻፍ ይፈቀዳል። ብልጣ ብልጡ ነጋዴ ታክስ ያልገባበትን በደማቁ ይጽፋል፣ እውነተኛውን ከሥሩ ይደብቃል። ስለዚህ ሁለት ቁጥር ካያችሁ የምትከፍሉት፣ ጽሑፉ ቢደቅም፣ በዋጋ የሚበልጠውን ነው። እዚያው ቁጭ ብሎ ለሚበላ ታክሱ 10 በመቶ፣ ይዞ ለሚሄድ 8 በመቶ ነው።

ያልታዘዘው ሳህን ኦቶሺ ይባላል። ማታ መጠጥ ቤት ስትገቡ የመቀመጫ ያህል የሚቆጠር የተለመደ ነገር ነው፣ ጃፓናውያንም እያጉረመረሙ ይከፍሉታል። በምሳ ሰዓት ኡዶን ቤት ግን ምን ሊሠራ መጣ? ማታ ማታ መጠጥም የሚሸጡ ኡዶን ቤቶች ስላሉ፣ ከመቀመጣችሁ በፊት «ኦቶሺ አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። ጉርሻ ግን ጃፓን ውስጥ አይሰጥም።

በኮከብ ብዛትም አትታለሉ። «አምስት ኮከብ ከሰጣችሁን እንቁላል በነጻ» የሚል ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ካያችሁ፣ ኮከቡ ከየት እንደመጣ ገብቷችኋል ማለት ነው። ጃፓን ማስታወቂያነቱ የተደበቀ ማስታወቂያን ከጥቅምት 2023 ወዲህ በሕግ ከልክላለች፣ ወረቀቱ ግን አልጠፋም። ከኮከቡ ይልቅ የሚበላውን ሰው እዩ። የሥራ ልብስ የለበሱ ሠራተኞችና ተማሪዎች ተሰልፈው ከሆነ ግቡ።

ሰልፍ ሰርቪሱም ቢሆን ኪስ የሚያራቁትበት ቦታ አለው። ትሪ ታነሳላችሁ፣ ኡዶኑን ታዛላችሁ፣ ከዚያ እስከ ካሸሯ ድረስ ቴምፑራ ተደርድሯል። ሽሪምፕ፣ ስኳር ድንች፣ ካኪያጌ የሚሉት የአትክልት ጥብስ። እያንዳንዱ ከ150 እስከ 250 የን ገደማ ነው። የራበው ሰው ሦስት አራቱን ሲያነሳ የ400 የን ምሳ 1,200 ይገባል። አንድ በቂ ነው። የተከተፈው ሽንኩርትና የቴምፑራ ፍርፋሪው በነጻ ስለሆነ እሱን እንደልባችሁ ጨምሩ፤ እኔ ሳህኑ እስኪሸፈን ነው።

ጾመኞች፣ እናንተም ስሙ። ሥጋ የለውም ተብሎ የሚቀርብላችሁ ኡዶን ሾርባው አብዛኛውን ጊዜ ከደረቀ ዓሣ የተቀቀለ ነው። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለራሳችሁ ትቻለሁ፣ የቴምፑራው ሊጥ ግን ብዙ ጊዜ እንቁላል አለበት። «ቬጅቴሪያን ኡዶን» ብለው ዋጋ የሚጨምሩባችሁን መጀመሪያ ስለ ሾርባው ጠይቁ።

ከተበላችሁ በኋላስ? ደረሰኝ ሳትይዙ እንዳትወጡ። ያላዘዛችሁት ነገር ካለበት ከመክፈላችሁ በፊት በጣት አሳዩና አስቀንሱ፤ ድምፅ ከፍ ማድረግ አያስፈልግም፣ እዚያ አገር አይሠራም። ጃፓንኛ የሚችል ሰው ካላችሁ 188 የሸማቾች መስመር ነው፣ በአቅራቢያ ካለው የሸማቾች ማዕከል ጋር ያገናኛል። ለውጭ አገር ጎብኚዎች ደግሞ የጃፓን ብሔራዊ የሸማቾች ጉዳይ ማዕከል በእንግሊዝኛና በሌሎች ቋንቋዎች የሚያነጋግር የራሱ መስመር አለው። አገር ቤት ሳትመለሱ፣ ደረሰኙ በእጃችሁ እያለ ደውሉ።