«የ1690 ኮመዲኖ» ተብሎ የተሸጠልን፦ የመሳቢያውን ውስጥ ሳታዩ እንዳትከፍሉ

ለንደን ውስጥ አንቲክ ዕቃ ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ይህን ሳታነቡ እንዳትሄዱ። ዕቃው ቤት የገባው ትናንት ነው፤ ንዴቱ ገና አልበረደም።

ሻጩን ታውቁታላችሁ። «ከገጠር ትልቅ ቤት የወጣ ነው፣ ቤተሰቡ ሳይወድ ነው የሸጠው፣ ከሰዓት በኋላ ሌላ ሰው ሊያየው ይመጣል» የሚለው ነው። ዕቃው ባለ አምስት መሳቢያ ኮመዲኖ ነው፦ ከላይ ሁለት አጫጭር፣ ከሥር ሦስት ረጃጅም፣ እግሮቹ ድቡልቡል፣ ፊቱ በሙሉ ማርኬትሪ። በየቀለሙ የተቆረጠ ስስ እንጨት እየተገጣጠመ አበባ፣ ቅጠልና ወፍ የሚወጣበት ያ ሥራ እንግሊዝ ውስጥ የደራው በ17ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ፣ በዊልያምና በሜሪ ዘመነ መንግሥት ነበር። ላዩ ላይ የተንጠለጠለው ካርድ «በ1690 ገደማ» ይላል። የተከፈለው 4,800 ፓውንድ ነው።

ያቺ ቅጽበት ከዓይኔ አልጠፋ አለች። ትንሹን መሳቢያ ሠራተኛው ራሱ ስቦ አሳየ። ጎኖቹ ኦክ፣ ማዕዘኖቹ በእጅ ተፈልፍለው ጥርስ በጥርስ የተቆላለፉ፣ ሥሩ በዕድሜ የጠቆረ። ይህ ሁሉ እውነተኛ ነበር፤ ተንኮሉም እዚህ ላይ ነው። ውስጡ ግን እስከ አፉ ድረስ ወረቀት ተለጥፎበታል፤ «ልብስ እንዳይቆሽሽ ነው» ተባለ። ቀጥሎ ከረጃጅሞቹ የመጀመሪያው ስንዝር ያህል እንደተሳበ፣ የወረቀቱ ጫፍ ተላቆ ታየ። ሠራተኛው መጣና መዳፉን አበባው ላይ አሳርፎ መሳቢያውን መልሶ ገፋው። «ሦስት መቶ ዓመት የቆየ ነው፣ ወለሉ ይወልቃል። ከገዙት በኋላ እንደፈለጉ ያውጡት» አለ። ይህን ሲል ዓይኑ ስልኩ ላይ ነው። በደንብ የተሠራ የኦክ መሳቢያ ሲመዘዝ ወለሉ እንደማይወልቅ እያወቁ እጅን መሰብሰብ! የሚያንገበግበኝ ከገንዘቡ ይልቅ ይሄ ነው።

ማታ ወረቀቱ ተነሣ። በመሳቢያው ፊት በስተውስጥ ስድስት ቀዳዳ አለ። አራቱ በእንጨት ውታፍ ተደፍነዋል፤ ሁለቱ አሁን ያሉትን ተንጠልጣይ የናስ እጀታዎች ይዘዋል። በስተውጭ ሲታይ ግን ያለው ሁለት ቀዳዳ ብቻ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1690 አካባቢ ተንጠልጣዩ እጀታ የሚያዘው በአንድ ቀዳዳ በሚያልፍና ከውስጥ ወደ ግራና ቀኝ በሚታጠፍ ሽቦ ነበር። ሁለት ቀዳዳ የሚፈልገው ቅስት እጀታ የመጣው በ18ኛው መቶ ዘመን ነው። እጀታ ሲለወጥ አዲሱ ቀዳዳ ፊቱን ወግቶ ያልፋል። አበባው ያኔ ኖሮ ቢሆን አብሮ ይበሳ ነበር፤ ኋላ ሲደፈንም ጥገናው አበባው ላይ ይታይ ነበር። እዚህ ግን አራቱ ቀዳዳዎች ልባሱ፣ ማለትም ላዩ ላይ የተለጠፈው ስስ እንጨት፣ ሥር ሲደርሱ ይቆማሉ፣ አበባው ላይ አንዲት ጠባሳ የለም። ስለዚህ አበባው የተለጠፈው ቅስቱ እጀታ መጥቶ ከሄደ በኋላ ነው። የተሸጠልን ጥቂት መቶ ፓውንድ የሚያወጣ ተራ የኦክ ኮመዲኖ ነው፤ ማርኬትሪ ኋላ አለበሱት። ይህ አዲስ ዘዴ አይደለም። በ19ኛው መቶ ዘመን ሆላንድ ውስጥም ተራ አሮጌ ዕቃ እየተመረጠ አበባ ይለጠፍበት ነበር።

ይሄኛው ከዚያም በኋላ የመጣ ነው። የቁልፍ ቀዳዳው ናስ ሲነሣ የልባሱ ጠርዝ ታየ፦ ከአንድ ሚሊሜትር በታች፣ ከዳር እስከ ዳር እኩል። በ1690 አካባቢ ልባስ በእጅ መጋዝ ስለሚሰነጠቅ ሁለት ሚሊሜትር አካባቢ ይሆናል፣ ውፍረቱም ከቦታ ቦታ ይለያያል። እንዲህ የሳሳና የተስተካከለ የሚወጣው ከማሽን ቢላዋ ነው። የቅጠሎቹም ጥላ ያው ነው። የድሮ ባለሙያ የቁራጩን ጠርዝ ትኩስ አሸዋ ውስጥ ነክሮ ያጠቁረዋል፤ ጥቁረቱ ከጠርዙ ወደ ውስጥ ቀስ እያለ ይፈዛል። እዚህ ያለው በቀለም የተሰመረ መስመር ነው፣ በእርጥብ ጨርቅ ጥግ ሲነካ ለቀቀ።

ዛሬ ጠዋት ተደወለላቸው። «ደረሰኙን አንብበዋል?» አሉና ዘጉት። ደረሰኙ ላይ «ዊልያም ኤንድ ሜሪ ስታይል» ተጽፏል። «ስታይል» ማለት ዘይቤው ነው እንጂ ዘመኑ አይደለም። ካርዱ ላይ ያልነበረች ቃል ደረሰኙ ላይ ገባች፤ ሲፈረም ደግሞ ያነበባት የለም። በባንክ ማስተላለፍ ከተከፈለ 200 ፓውንድ እንቀንሳለን ብለው ስለነበር በክሬዲት ካርድም አልተከፈለም። በእንግሊዝ ሕግ ዋጋው ከ100 ፓውንድ በላይና እስከ 30,000 ለሆነ ዕቃ የክሬዲት ካርዱ ድርጅትም ከሻጩ እኩል ተጠያቂ ነው። ያ ጥበቃ በ200 ፓውንድ ተሸጠ።

እናንተ መሳቢያውን ሁሉ መዝዛችሁ አውጡ፣ የውስጡን ፊት በስልክ መብራት እዩ፣ ወረቀት ካለ ይነሣልኝ በሉ። እንቢ ካሉ ውጡ። ላዩ ላይ ያለውን ካርድ ፎቶ አንሡ፤ ዘመኑ «ስታይል» ሳይጨመርበት ደረሰኙ ላይ ይጻፍ። ከነጋዴ የገዛችሁት ዕቃ ከተነገራችሁ ጋር ካልገጠመ በ2015ቱ የሸማቾች መብት ሕግ መልሳችሁ ሙሉ ገንዘባችሁን መጠየቅ ትችላላችሁ፤ ጊዜው 30 ቀን ነው፣ ጥያቄውንም በስልክ ሳይሆን በጽሑፍ አድርጉት። በአካል ተገኝታችሁ መጫረት ከምትችሉበት የሐራጅ ቤት ያገለገለ ዕቃ ከገዛችሁ ግን ይህ መብት አይሠራም። የእኛው ደብዳቤ ከካርዱና ከስድስቱ ቀዳዳዎች ፎቶ ጋር ዛሬ ከሰዓት በሪኮማንዴ ተልኳል።