ጥልቅ ጉድጓድ ወይስ ክትር?

ውሃ ሲጠፋ ቶሎ የሚታሰበው ጥልቅ ጉድጓድ ማስቆፈር ነው። ይፈጥናል፤ አዲስ አበባም ከአቃቂ የከርሰ ምድር ውሃ ትጠጣለች። ግን ፓምፕ ያወጣል እንጂ አይተካም። ወደ ውስጥ ከሚሰርገው በላይ ከተሳበ ውሃው ወደ ታች ይሸሻል፣ የመብራት ወጪውም ይጨምራል።

የትግራዩ አብርሃ ወአጽብሃ ቀበሌ ገበሬዎች በሌላ መንገድ ሄዱ። እርከን ሠሩ፣ በቦረቦሩ ላይ ክትር (ጎርፍ የሚገታ ትንሽ ግድብ) ገነቡ፣ ተዳፋቱን ከሰውና ከከብት ንክኪ ከለሉ። ጎርፍ ሆኖ ይሄድ የነበረው ዝናብ መሬት ውስጥ ሰረገ። የደረቁ ምንጮች ተመለሱ፤ በእጅ የተቆፈሩ ጉድጓዶች ለመስኖ በቁ። በ2012 እ.ኤ.አ. የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ለአካባቢ ማኅበረሰቦች የሚሰጠውን የኢኳተር ሽልማትም አገኙ። ታዲያ ይሄ የዓመታት ጉልበት ነው፤ ዛሬ ጀሪካን ይዞ ለተሰለፈ ሰው አይደርስም። ለእኔ ግን ክትሩ ይቅደም፣ ፓምፑ ይከተል።