ባዶ ሳጥን ነል ሲሆን፦ ጃቫ ሰርቨር ፌስስ እና ስፕሪንግ

ደብረ ማርቆስ ላይ ለገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር የአባላት መመዝገቢያ በጃቫ የሚሠራ ባለሙያ ከአንድ ጣጣ አያመልጥም። የስልክ ሳጥኑ ባዶ ሆኖ ቅጹ ሲላክ ሰርቨሩ ዘንድ የሚደርሰው ነል (ምንም እሴት የለም የሚል ምልክት) ሳይሆን ባዶ ጽሑፍ ነው። በመረጃ ቋቱ የስልክ ዓምዱ ድግግሞሽ የማይፈቅድ ከሆነ፣ ስልክ የሌለው የመጀመሪያው ገበሬ ይመዘገባል፤ ሁለተኛው ግን «ቁጥሩ ተይዟል» ተብሎ ይመለሳል። ፖስትግሬስኪውኤልና ማይኤስኪውኤል የተባሉት የመረጃ ቋቶች በእንዲህ ያለ ዓምድ ነል ቢደጋገም በተለመደው አሠራራቸው አይከለክሉም፤ ባዶ ጽሑፍን ግን እንደ ማንኛውም እሴት ይቆጥሩታል።

ጃቫ ሰርቨር ፌስስ የተባለው የጃቫ ድረ ገጽ መሥሪያ ማዕቀፍ ከ2.0 ስሪቱ ጀምሮ መፍትሔውን ባዶ የተላከን ሳጥን ነል በሚያደርግ አንድ መለኪያ ሰጥቷል። በዌብ ኤክስኤምኤል፣ ማለትም በመተግበሪያው የቅንብር ፋይል ውስጥ፣ ለመለኪያው «ትሩ» (አዎ) ብሎ መጻፍ ነው፤ መላው መተግበሪያ ይታዘዛል። ችግሩ ክፍተትን አለመቁረጡ ነው። መዝጋቢው ሳያስበው የክፍተት ቁልፉን ከነካ ሳጥኑ ባዶ መሆኑ ይቀራል።

ሌላው የጃቫ ማዕቀፍ ስፕሪንግ ደግሞ ስትሪንግ ትሪመር ኤዲተር የሚባል ጽሑፍ አስተካካይ አለው። ሲፈጠር «ትሩ» ከተሰጠውና በኢኒት ባይንደር (የቅጽ መረጃ አያያዝን በሚያዘጋጅ የኮድ ክፍል) ከተመዘገበ፣ ዳርና ዳር ያለውን ክፍተት ቆርጦ የቀረው ባዶ ከሆነ ነል ያደርገዋል። እኔ ይህን እመርጣለሁ፤ የሰው እጅ ክፍተት ማብዛቱ አይቀርምና። ለዚህ ሲባል ብቻ ግን የተሠራን መተግበሪያ ወደ ስፕሪንግ ማዛወር ከንቱ ድካም ነው። ደግሞም በአንድ ኮንትሮለር (ጥያቄ ተቀብሎ በሚያስተናግድ ክፍል) ውስጥ ከተጻፈ ሌላው ጋ አይደርስም፤ ለሁሉም እንዲሠራ ኮንትሮለሮች ሁሉ በሚጋሩት ኮንትሮለር አድቫይስ ውስጥ ይግባ። በቅጽ ሳይሆን በጄሰን (በጽሑፍ በተቀናበረ የመረጃ ቅርጸት) የሚመጣውን መረጃ አይነካውም፤ የይለፍ ቃል ዳር ያለውን ክፍተት ግን ይቆርጣል፤ ያንን ሳጥን ለይቶ ማውጣት ያስፈልጋል።