ሬቪት፣ ስኬችአፕ ወይስ አርኪካድ? አውቶካድ ላይ ድፍን ሆኖ የሚከፈተው የቱ ነው

ሐዋሳ ውስጥ አነስተኛ የዲዛይን ቢሮ ከፍታችሁ የሕንፃ ዲዛይን መሥሪያ ሶፍትዌር (ሬቪት፣ ስኬችአፕ ወይም አርኪካድ) ልትገዙ ከሆነ፣ ሻጩ የሚያሳያችሁን ያማረ ምስል ለጊዜው ተዉት። ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር። የስትራክቸር መሐንዲሱና ድራፍተሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠብቋችሁ አውቶካድ በሚባለው የንድፍ ፕሮግራም ላይ ነው። እኔም ሦስቱን የመዘንኩት በአንድ ጥያቄ ነው፦ የላክሁት ግድግዳ እዚያ ሲከፈት ድፍን ነው ወይስ ባዶ ቅርፊት?

ድፍኑን፣ ማለትም ሶሊዱን፣ ትቆርጡታላችሁ፣ አንዱን ከሌላው ትቀንሳላችሁ፤ «ማስፕሮፕ» የሚለውን ትእዛዝ ስትሰጡት ይዘቱን (ቮሊዩሙን) ይነግራችኋል፤ የኮንክሪት ስሌት ከዚያ ይነሳል። ቅርፊቱ፣ ማለትም ሜሹ፣ በዓይን ሲታይ ያው ነው። «ሊስት» በሚለው ትእዛዝ ካልጠየቃችሁት ማንነቱን አይናገርም።

ስኬችአፕ ለመማር ቀላል ነው፣ ባለቤቱን ለማሳመንም የሚያህለው የለም። የማዝንበት እዚህ ላይ ነው፦ የአንድ ጂ+4 ሕንፃ መወጣጫ ደረጃ ሠርቼ፣ ፕሮግራሙ «ሶሊድ ግሩፕ» ብሎ ይዘቱን ሳይቀር ጽፎልኝ፣ በኩራት ላክሁት። ማታ መሐንዲሱ ደወለ፦ «ወንድሜ፣ ደረጃህ ባዶ ነው፤ ልቆርጠው አልቻልኩም።» ስኬችአፕ ሶሊድ የሚለው ቀዳዳ የሌለበትን የገጾች ስብስብ ነው፤ ወደ ዲደብሊውጂ (የአውቶካድ ፋይል ዓይነት) ሲሻገር ገጾቹ ብቻ ይሄዳሉ። ክብ ዓምድ ደግሞ፣ የጎኖቹን ቁጥር ካልቀየራችሁ፣ ባለ 24 ጎን ሆኖ ይደርሳል። ነፃው የድረ ገጽ ስሪት ዲደብሊውጂ ጭራሽ አያወጣም።

ሬቪት ከባድ ነው፤ ጥሩ ማሽን ይፈልጋል፣ የሚሠራውም በዊንዶውስ ብቻ ነው። በዚህ ጥያቄ ግን ይበልጣል። የዲደብሊውጂ ኤክስፖርት ማስተካከያው ውስጥ «ሶሊድስ» የሚል ክፍል አለ፤ ፖሊሜሽ ወይም ኤሲስ ሶሊድ ትመርጣላችሁ። ፖሊሜሽ ላይ ከቆየ ያው ቅርፊት ነው። ኤሲስ ስትሉት ግድግዳውም ሶሌታውም ድፍን ሆኖ ይደርሳል። ከዚያ በፊት ግን የሥሪ ዲ እይታውን ክፈቱ፤ የወለል ፕላን ላይ ቆሞ ኤክስፖርት ያደረገ ሰው የሚያገኘው ጠፍጣፋ መስመር ነው። ከውጭ ያስገባችሁት ሜሽም በዚህ ምርጫ ድፍን ይሆናል ብላችሁ አትጠብቁ።

ሬቪት የሚያስቸግረው ቀያሹ ጋ ነው። የሐዋሳ ቦታ በአዲንዳን ዩቲኤም (ቀያሾች በሚጠቀሙበት የካርታ ኮኦርዲኔት ሥርዓት) ሲመጣ ምሥራቁ 440 ሺህ ሜትር፣ ሰሜኑ 780 ሺህ ሜትር አካባቢ ነው። ሬቪት ደግሞ ከውስጥ መነሻው (ከዜሮ ነጥቡ) 16 ኪሎ ሜትር ያለፈ ሞዴል አይወድም። ፋይሉን ወደ መነሻው አቅርባችሁ አስገቡ፣ እውነተኛውን ኮኦርዲኔት ለሰርቬይ ፖይንቱ (ሬቪት ውስጥ ላለው የቅየሳ ነጥብ) ስጡት። ቀያሹ በሜትር፣ እናንተ በሚሊሜትር ከሆናችሁ ደግሞ 1,000 እጥፍ ያበጠ ወይም የጠፋ ቤት ታያላችሁ፤ ይህ ከሦስቱም ጋር የሚመጣ ጣጣ ነው።

አርኪካድ በማክም በዊንዶውስም ይሠራል፣ ጉልበቱም አይኤፍሲ (የሕንፃ ሞዴል ከፕሮግራም ወደ ፕሮግራም የሚያሻግር የፋይል ዓይነት) ላይ ነው። ተቀባያችሁ አይኤፍሲ የሚያነብ ከሆነ ግድግዳው ግድግዳ መሆኑን አውቆ ይሄዳል። ተራው አውቶካድ ግን አይኤፍሲ አይከፍትም፤ አውቶካድ አርክቴክቸር ያስፈልጋል። እዚህ ከተማ የማውቃቸው መሐንዲሶች «ዲደብሊውጂ ላክልኝ» ነው የሚሉት፤ ለዚህ ነው ሁለተኛ ያደረግሁት።

ተቀባዩ ቀለል ያለውን ስሪት፣ አውቶካድ ኤልቲን፣ ከያዘ ግን ሬቪት ገዝታችሁም ዋጋ የለውም፤ ኤልቲ ላይ ሶሊድ መሥራትም መቁረጥም የለም። ይህን በስልክ ጠይቁ፣ ከክፍያ በፊት።

በእኔ ሚዛን፣ ከመሐንዲስ ጋር በየሳምንቱ ፋይል የሚለዋወጥ ቢሮ ሬቪት ይግዛ። ሥራው የቪላ ገጽታ ማሳየት ብቻ ከሆነ ስኬችአፕ ይበቃዋል፤ ደረጃውን አውቶካድ ላይ እንደገና ለመሥራት ግን ይዘጋጅ። ሬቪት መሞከሪያ አለው። ከራሳችሁ ፕሮጀክት አንድ ደረጃና አንድ ክብ ዓምድ ውሰዱ፣ በኤሲስ አውጡ፣ መሐንዲሳችሁ ጋ ልካችሁ «ሊስት» ይበልላችሁ።