ደሴ ያላችሁ የአየር ሽጉጥ ባለቤቶች፣ እኚህን አባት እወቋቸው

እድሜና ጤና ይስጥዎት ጋሼ! ሰኞ ገበያ አካባቢ የስፌት መኪና የሚጠግኑትን አባት ብዙዎቻችሁ ታውቋቸዋላችሁ። «ስሜ አይጻፍ» ስላሉ አልጽፍም። የአየር ሽጉጥም እንደሚጠግኑ ግን የሚያውቅ ጥቂት ነው። ባለ 4.5 ሚሊ ሜትር የሞላ ሽጉጥ ይዛችሁ ኢላማ መምታት ለምትወዱ ሁሉ ይድረስ።

ሲጠግኑት ያየሁት ሽጉጥ እሳቸው እጅ የገባው ሁለት «ባለሙያ ነን» ባዮች ከተጫወቱበት በኋላ ነው። አንደኛው ጉልበት አነሰው ብሎ ሲሊንደሩ ውስጥ የሞተር ዘይት ጨመረበት። አየር በድንገት ሲታመቅ በጣም ይግላል፤ ዘይት ካገኘ እንደ ናፍጣ ሞተር ይፈነዳል። ድምፁም ጭሱም ደንበኛን ደስ ያሰኛል፣ ውስጥ ያለው ጓርኒሲዮን (አየር እንዳያመልጥ የሚዘጋው) ግን ተበጣጥሶ ያልቃል። ሁለተኛው የባሰ ነው፤ ከየት እንዳመጣው የማይታወቅ ጠንካራ ሞላ ቆርጦ ገጠመበት። ደሴ እኮ ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ አየሯ ስስ ነው። ሞላው የሚገፋውን ፒስተን ጫፍ ሲደርስ የሚያለዝበው ከፊቱ የታመቀው አየር ነውና፣ አየሩ ሳስቶ ሞላው ሲጠነክር ብረት ከብረት ይላተማል። ይህን ሠርተው ገንዘብ ተቀበሉ! ሲጠየቁ ደግሞ «ዕቃው ፎርጅድ ነው» አሉ።

ጋሼ መጀመሪያ የጠየቁት የሽጉጡን የፈቃድ ወረቀት ነው። እሱን ሳያዩ አይነኩም። ከዚያ አፈሙዙ ከሲሊንደሩ የሚገጥምበት ላይ የሶፍት ቁራጭ ጣል አድርገው አንድ ፍሬ (የአየር ሽጉጥ ጥይት) ወደ አሸዋው ተኮሱ። ሶፍቱ በረረ። «በዚህ ነው የሚተነፍሰው» አሉና የመጋጠሚያዋን ቀለበት ጎማ ቀየሩ። ሽጉጡ የድሮ ስሪት ስለሆነ የፒስተኑ ጓርኒሲዮን የቆዳ ነው፤ ከወፍራም የከብት ቆዳ ቆርጠው ሞቅ ባለ ሞራ ውስጥ ነክረው አሳደሩት። ሲሊንደሩን ሞልቶ በአውራ ጣት ሲገፉት የሚንሸራተት መሆን አለበት፤ ከጠበቀ ፒስተኑን ይይዛል፣ ከላላ አየር ያሳልፋል። ግራሶ ሞላው ላይ ብቻ፣ ያውም ስስ። ከፒስተኑ ፊት ጠብታ የለም።

እጀታውን ከዋንዛ ቀረጹት። ወይራ ያምራል፣ ግን ይከብዳል፣ ሞረድም ይጨርሳል። መዳፍን ከሰል አስቀብተው ያስይዛሉ፤ እንጨቱ ላይ የጠቆረውን ብቻ ይሞርዳሉ፣ እንደገና ያስይዛሉ። ጥቁሩ በመዳፉ ሙሉ እኩል እስኪታተም ድረስ አይተዉም።

ለእኔ ሁሉን ያስረሳኝ ግን የምላጩ ነገር ነው። ይበልጥ ይቅለል ሲባሉ መልስ አልሰጡም። ከጎረቤት በርበሬ ነጋዴ የግማሽ ኪሎ ሚዛን ተውሰው መጡ። አንድ ፍሬ አጎረሱ (ባዶውን መተኮስ ሞላና ፒስተን ይሰብራል)፣ ከላይ የአሸዋ ከረጢት ሰቀሉ፣ አፈሙዙን ወደ ከረጢቱ ቀጥ አድርገው ሚዛኑን በሲባጎ ምላጩ ላይ አንጠለጠሉና ቀስ ብለው አነሱት። ጧ! አመለጠ። የምላጩን ብሎን ሩብ ዙር መልሰው ደገሙት። አሁን ሦስቴ አነሱት፣ ሦስቴም ያዘ። «ግማሽ ኪሎ ካላነሳ ከእጄ አይወጣም፤ አብሽር፣ ይኼ ቀላል ነው።» የዓለም አቀፉ የ10 ሜትር የአየር ሽጉጥ ውድድር ሕግም ከ500 ግራም በታች የሚሳብ ምላጭ አይፈቅድም። እንዲህ ያለ ሰው ነው የሚጠግንላችሁ!

የተበላሸውን ሞላና የተቃጠለውን ቆዳ በፌስታል ጠቅልለው መልሰው ሰጡ፣ የነኩትንም አንድ በአንድ ቆጥረው ነገሩ። ሂዱ፣ በእውነት ሂዱ፣ ከኮምቦልቻም ቢሆን ውጡ። የምትተኩሱበትን ፍሬ ይዛችሁ ሂዱ፣ በእሱ ነው የሚያስተካክሉላችሁ፤ ወረቀት ላይ ከሆነ የምትተኩሱት፣ ክብ ቀዳዳ የሚቆርጠው አፉ ጠፍጣፋው ይሻላል። ሰኞ ግን አትሂዱ፤ በገበያው ግርግር መሣሪያ አይፈቱም፣ የልብስ ሰፊዎቹም ወረፋ አያስደርስም።