ዘይት ለምትበላ ኮሮላ፣ ሞተር ከማውረድ በፊት አንድ ጋራዥ ልጠቁማችሁ

አሮጌ ኮሮላ ያላችሁና በየሳምንቱ ዘይት መጨመር የሰለቻችሁ ይሄን አንብቡ። የማወራው ላንቻ አካባቢ ስላለች ትንሽ ጋራዥ ነው። ታፔላ እንኳ የላትም። ጥቂት መኪና ከገባባት ሞላች። ሥራቸው ግን ካየኋቸው ትልልቅ ጋራዦች ይበልጥብኛል።

የኔዋ የ2001 ሞዴል ኮሮላ ናት፤ ባለ 1.8 ሞተሯ፣ 1ዜድዜድ የሚባለው። ጠንካራ ሞተር ነው፤ ግን በተለይ የመጀመሪያዎቹ ዘይት በመብላት ይታወቃሉ። ጣጣው ፒስተኑ ላይ ነው። የዘይት ፋሻው (ፒስተኑን የሚከበው ቀለበት) ከሲሊንደሩ ግድግዳ የጠረገው ዘይት ወደ ኮፓ (ከሞተሩ ሥር ወዳለው የዘይት መያዣ) የሚመለሰው በጥቃቅን ቀዳዳዎች ነው፤ እነሱ በካርቦን ሲደፈኑ ፋሻው ይጣበቃል፣ መጥረጉን ያቆማል፣ ዘይቱም ከቤንዚኑ ጋር አብሮ ይቃጠላል። ቶዮታ በኋላ ፒስተኑን አሻሽሎታል። የኔ መኪና ግን ከድሮዎቹ ናት።

በሺህ ኪሎ ሜትር አንድ ሊትር ገደማ ትበላ ነበር። ሞተሩ የሚይዘው 3.7 ሊትር ስለሆነ፣ ዝም ብላችሁ ብትነዱ በሁለት ሺህ ኪሎ ሜትር ከግማሽ በላይ ሄደ ማለት ነው። ዳሽቦርድ ላይ ያለውን ቀይ የዘይት መብራት ደግሞ አትመኑ። እሱ የሚበራው ግፊት ሲወድቅ እንጂ ዘይት ሲጎድል አይደለም፤ እስኪበራ ከጠበቃችሁ ሞተሩ መጎዳት ጀምሯል።

ከዚህ በፊት የሄድኩበት ጋራዥ ኮፈኑን ከፍቶ ገና ሳያይ "ሞተር ይውረድ" አለ። ሌላው "20ደብሊው-50 አድርግባትና ተገላገል" አለኝ። ይሄ ምክር በጣም ያናድደኛል። ቀዳዳው የተደፈነ ፒስተን ላይ ወፍራም ዘይት ማፍሰስ ምን ይፈታል? የዚህ ሞተር ቪቪቲ-አይ፣ ማለትም ቫልቮቹ የሚከፈቱበትን ጊዜ የሚያስተካክለው ክፍል፣ የሚሠራው በዘይት ግፊት ነው፤ ጠዋት በብርድ ወፍራም ዘይት ቶሎ አይደርስለትም።

የላንቻዎቹ መጀመሪያ የጠየቁኝ ስለ ጭሱ ነበር። መቼ ነው የሚያጨሰው? ከእንጦጦ ቁልቁለት እግርህን ከቤንዚን ላይ አንስተህ ወርደህ፣ ታች ስትደርስ ስትረግጠው ሰማያዊ ጭስ ቡልቅ ይላል? እንዲያ ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የቫልቭ ጎሚኒ (ዘይት በቫልቩ ዘንግ በኩል እንዳይገባ የሚያግደው ጎማ) ነው። ዳገት ላይ ስትጫናት ነው የሚያጨሰው? ያኔ ወደ ፋሻው ያደላል። እኔ "ዳገት ላይ ነው፣ ጋሼ" አልኳቸው፤ ዋናው መካኒክ "ቆይ ልጄ፣ ወዲያው አንፍረድባት፣ መጀመሪያ ዘይቱ በየት በየት እንደሚወጣ እንይ" አሉኝ።

ሞተሩን አጠቡ፣ አደረቁ፣ ነድቼ እንድመለስ አደረጉ። የታይሚንግ ካቴናው መወጠሪያ ዙሪያው በዘይት ርሶ ነበር። እዚያ ጋ ያለችው ትንሽ ጎማ ደርቃ ስለተሰነጠቀች ያፈሳል፤ በዚህ ሞተር የተለመደ ነው። ከዚያ ፒሲቪ ቫልቩን (ሞተሩ ውስጥ የሚጠራቀመውን ትነት የሚያስተነፍሰውን) ፈቱትና ጆሮዬ አጠገብ አራገፉት። ጤነኛ ሲሆን ውስጡ ኳ ኳ ይላል። የኔው ድምፅ የለውም፣ በጥቁር ጭቃ ተጣብቋል። ይሄ ቫልቭ ሲበላሽ ሞተሩ የዘይት ትነት ይስባል፣ ወይም ውስጡ ግፊት ተጠራቅሞ ዘይቱን በየጓርኒሲዮኑ ይገፋዋል። ሁለቱም ዕቃዎች ርካሽ ናቸው፤ ሶማሌ ተራ ይገኛሉ፣ ኦሪጅናሉን ግዙ።

ካንዴላዎቹን አውጥተው ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀውን ግፊት) ለኩ። አራቱም ደህና ናቸው። ብዙ መካኒክ እዚህ ላይ ይሳሳታል፤ ኮምፕሬሽን ደህና ነው ማለት የዘይት ፋሻው ደህና ነው ማለት አይደለም። ኮምፕሬሽን የሚይዙት የላይኞቹ ፋሻዎች ናቸው፣ የሚጣበቀው የታችኛው። ስለዚህ ሞተሩን ሳያወርዱ በካንዴላው ቀዳዳ የካርቦን ማሟሟያ ጨመሩና መኪናዋን አሳደሯት። በማግስቱ ካንዴላው እንደተነቀለ ሞተሩን አዙረው ፈሳሹን አስተፉት፣ ዘይትና ፊልትሮ ቀየሩ። ስትነሳ ለጥቂት ደቂቃ ግቢው በጭስ ተሞላ፤ ይሄ የሚጠበቅ ነው፣ አትደንግጡ።

አሁን መብላቷ ከግማሽ በታች ወርዷል። አልጠፋም፤ እነሱም ይጠፋል ብለው አልዋሹኝም። ለምርመራው ያስከፈሉኝ ከአንድ ሊትር ጥሩ ዘይት ዋጋ ብዙም አይበልጥም። ለዚህ ሐቀኝነታቸው አመሰግናቸዋለሁ።

የማልወድላቸው ነገር አለ። ቀጠሮ የሚባል አያውቁም። በጠዋት ካልሄዳችሁ ቀኑን ሙሉ ትቀመጣላችሁ። ደረሰኝም አልሰጡኝም፤ ይሄ መስተካከል አለበት። የተቀየረውን ዕቃ ግን ሳትጠይቁ በካርቶን አድርገው ያስረክቧችኋል። ዘይት ራሳችሁ ገዝታችሁ ብትሄዱም ቅር አይላቸውም።

ኮምፕሬሽኗ ለወደቀ መኪና እነሱም "ሞተር ይውረድ" ነው የሚሉት፤ ያንን ሥራ ግን እዚያ አይሠሩም። የለኩትን ቁጥር ወረቀት ላይ ጽፈው ይሰጧችኋል፣ እሱን ይዛችሁ ሌላ ጋራዥ መሄድ ትችላላችሁ።