ልጄን ለገዛ ወንድሜ ያልሰጡት የበር ጥበቃ

ስማቸውን እንዳልጽፍ ነግረውኛል። «ሥራዬን ነው የሠራሁት፣ ምን አደረግኩ?» አሉኝ። ስለዚህ ጋሼ ብቻ እላቸዋለሁ። የልጄ ትምህርት ቤት የበር ጥበቃ ናቸው። ሳላመሰግናቸው ዝም ብል ግን ህሊናዬ አይፈቅድልኝም።

ለምን እንዲህ እንደሆንኩ እንዲገባችሁ ወደኋላ ልመልሳችሁ።

ልጄ ከዚህ በፊት ሌላ ትምህርት ቤት ነበረች። አንድ ቀን ቤት የረሳችውን ደብተር ላደርስላት ሄድኩ። በሩ ክፍት ነው። ግቢውን አቋርጬ፣ ደረጃውን ወጥቼ፣ የክፍሏ በር ላይ ደረስኩ። በመንገዴ ሦስት መምህራን አልፈውኛል። «ማን ነሽ? ማንን ፈልገሽ ነው?» ያለኝ የለም። ጉዳዬ ቶሎ ስላለቀልኝ ደስ ብሎኝ ተመለስኩ። ነገሩ የገባኝ ማታ አልጋ ላይ ነው። እኔ እንደዚያ ከገባሁ ማንም ይገባል። እንቅልፍ በዓይኔ ሳይዞር ነጋ።

በነጋታው ሄጄ ይህንኑ ተናገርኩ። ያናገረችኝ ሴት ከወረቀቷ ቀና እንኳ አላለችም። «ካልተመቸሽ ልጅሽን ይዘሽ መሄድ ትችያለሽ» አለችኝ። ኮሪደር ላይ፣ ሌሎች ወላጆች እየሰሙ። ልጄ እጄን ይዛ ቆማ ነበር። እስካሁን ሳስበው ያመኛል።

ቀጥለን የሞከርነው ትምህርት ቤት ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነበር። በሩ ላይ ያለው ሰው ወላጅን ሁሉ እንደ ሌባ ነው የሚያየው። ለምን እንደመጣሽ ሳይጠይቅ ይጮኽብሻል። ለሚያውቀው ሰው ግን በሩን ወለል አድርጎ ይከፍታል፣ መዝገብ የለ፣ መታወቂያ የለ። ሲቆጣ እንጂ ሲያጣራ አንድ ቀን አላየሁትም።

አሁን ወደ ጋሼ ልምጣ።

አንድ ከሰዓት ሥራ ላይ ስብሰባ ያዘኝ። ወንድሜን «እባክህ ልጅቷን ውሰድልኝ» አልኩት። ለትምህርት ቤቱ መደወል ነበረብኝ፤ ረሳሁት። ወንድሜ ቁርጥ እኔን ነው። የአባታችን ስም መታወቂያችን ላይ አንድ ነው። ልጄም ገና ስታየው «አጎቴ!» ብላ ሮጣ ተጠመጠመችበት። ማን ይከለክለዋል ትላላችሁ? ጋሼ ከለከሉት።

መጀመሪያ ወንበር ሰጡት። መታወቂያውን ተቀብለው ስሙን መዝገብ ላይ አሰፈሩ። ከዚያ ልጄን እንዲወስዱ እኔ የፈረምኩላቸው ሰዎች ዝርዝር ውስጥ ፈለጉት። የለም። «ልጄ፣ እንደምትወድህ አይቻለሁ። ስምህ ግን እዚህ የለም። እናቷን ላናግር» አሉት። ወንድሜ ስልኩን አውጥቶ «ይኸው፣ እኔ ልደውልልዎትና ያናግሯት» አላቸው። አልተቀበሉም። «እኔ የምደውለው እዚህ በተመዘገበው ቁጥር ነው» አሉ።

እሷን ነገር ደጋግሜ አስባታለሁ። ሌላ ሰው በሚያቀብልህ ስልክ ውስጥ ያለች ድምፅ የእናትየዋ መሆኗን ማን ያውቃል? ማንም ሴት «አዎ፣ እናቷ ነኝ» ልትል ትችላለች። ልጅን ያለ ፈቃድ የሚወስድ ሰው ደግሞ ሁልጊዜ ባዕድ አይደለም። ልጁ የሚያውቀው፣ ሮጦ የሚያቅፈው ሰውም ሊሆን ይችላል።

የእኔ ስልክ ድምፁ ጠፍቶ ቦርሳ ውስጥ ነበር። 20 ደቂቃ ያህል አላነሳሁም። ወንድሜ ትዕግሥቱ አለቀ፤ ድምፁን ከፍ አደረገ። ጋሼ አልመለሱለትም። «ልክ ነህ፣ ደክሞህ መጥተህ እዚህ ማስቀመጤ ያናድዳል» ብቻ አሉት። ልጄ እንዳትደነግጥ ወደ መምህሯ መልሰዋት ስዕል ስትስል ቆየች። በመጨረሻ ሳነሳ ድምፃቸው እርግት ያለ ነበር። ሳስመዘግባት ያስያዝኳትን የሚስጥር ቃል ጠየቁኝ። ከነገርኳቸው በኋላ ነው የለቀቋት።

በማግስቱ ይዤ የሄድኩት ግን ምስጋና አልነበረም። ወንድሜ ተዋረደ ብዬ ደሜ ፈልቶ ነው የሄድኩት። የተማሪዎችን ጉዳይ የምትከታተለው ኃላፊ፣ ዩኒት ሊደሯ፣ በር ላይ አላናገረችኝም። ቢሮ አስገብታ በሩን ዘጋች። እስክጨርስ አንድም ጊዜ አላቋረጠችኝም። ያልኩትን ጻፈችና መልሳ አነበበችልኝ። «በትክክል ጽፌዋለሁ? የቀረ አለ?» አለችኝ። ያኔ ንዴቴ ግማሹ ወረደ። ከዚያ «ምን ቢደረግ ቅር አይልዎትም?» ስትለኝ የምመልሰው ጠፋኝ፤ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረማ።

እስከ ሐሙስ መልስ እሰጥዎታለሁ አለች። ረቡዕ ደወለች። ጋሼን አሳልፋ አልሰጠችም። «ያደረጉት ትክክል ነው፣ እሱን አንቀይረውም። ወንድምዎ ያን ያህል መጠበቁ ግን የእኛ ጉድለት ነው፤ የያዝነው አንድ ስልክ ቁጥር ብቻ ነበር» አለችኝ። አሁን ከሁሉም ወላጅ ሌላ ተጨማሪ ቁጥር እየተቀበሉ ነው። ይቅርታ ማለት እንደዚህ ነው። እውነት ለመናገር አንጀቴን አራሰችው።

ወላጆች፣ እባካችሁ ዛሬውኑ ጠይቁ። ልጃችሁን መውሰድ የሚችለው ማን ማን ነው ተብሎ ነው የተጻፈው? የሰጣችሁት ቁጥር አሁንም ይሠራል? ሌላ ሰው የምትልኩ ከሆነ ቀድማችሁ ደውሉ፤ እኔ አለመደወሌ ነው ያን ሁሉ ያመጣው። በር ላይ መታወቂያ ሲጠይቋችሁ አትቆጡ። ቅሬታ ካላችሁም ዋጥ አድርጋችሁ አትቀመጡ፤ ግን ጥበቃው ላይ አትጩኹ፣ ቢሮ ግቡና ተናገሩ። ትምህርት ቤት ስትመርጡ ደግሞ መጀመሪያ በሩ ላይ ያለውን ሰው እዩ። እንደ ጋሼ ያለ ሰው፣ እንደዚያች ዩኒት ሊደር ያለች ሴት ካገኛችሁ ሌላ ቦታ አትሂዱ። ደግሜ እላለሁ፣ አትሂዱ።

ጋሼ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።

ወንድሜ አሁን ዝርዝሩ ውስጥ አለ። ልጄን ሊወስድ በሄደ ቁጥር ጋሼ ተነስተው ይጨብጡታል፣ ስለ ቤተሰብ ይጠይቁታል፣ ከዚያ መታወቂያውን ይቀበሉታል። እሱም ገና በሩ ጋ ሳይደርስ አውጥቶ ይይዘዋል።